የካንሰር ተመራማሪ የሕትመት ዝርዝሩንና የሳይቴሽን ቁጥሩን እንዴት ያዘጋጃል? ለጎንደር ባልደረቦች የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

«ኤች ኢንዴክስህን ጻፍ ይላል ፎርሙ፤ ከየት ነው የማመጣው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። ኤች ኢንዴክስ ጽሑፎቻችሁን ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው (ሳይቴሽን ማለት ይህ ነው) ታይቶ የሚሰላ ቁጥር ነው፤ ስሌቱ ደረጃ 6 ላይ አለ። የማዕረግ ዕድገት ፎርም የሚሞላ መምህር ይጠይቀኛል። የግራንት (የምርምር ገንዘብ) ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን የደረሰባት ሐኪም ትደውልልኛለች። መልሱ ግን በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ሥራውን ከነምክንያቱ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ምሳሌዎቼ ጎንደር ሆነው ካንሰር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተመረጡ ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፣ የጡት ካንሰር ሕሙማን ዘግይቶ መምጣት፣ የፓቶሎጂ መዝገብ ጥናት የምትሠሩ ሁሉ ራሳችሁን ታገኙበታላችሁ። የሌላ ዘርፍ ሰውም ቢሆን ደረጃዎቹን እንዳሉ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ስም፣ ዝርዝር፣ ቁጥር፣ ማብራሪያ። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ይጀምርና የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ። በስልክም ይሞከራል፣ ግን ጽሑፎችን ማዋሃድ ላይ ሲደረስ ያስመርራል።
- የይለፍ ቃሉን የምታስታውሱት የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል። ከረሳችሁት መጀመሪያ አይሲቲ ክፍል ሄዳችሁ አስቀይሩት።
- የማይቀየር የግል ኢሜይል።
- የድሮ ሲቪ እና እጃችሁ ላይ ያሉ ጽሑፎች ፒዲኤፍ።
- አንድ ባዶ የኤክሴል ገጽ።
- መብራትም ኔትም የማይቆራረጥበት ግማሽ ቀን።

ገንዘብ አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምጠራቸው አገልግሎቶች ሁሉ ለዚህ ሥራ በሚበቃ መጠን በነጻ ይገኛሉ። «የስኮፐስ ፕሮፋይል እከፍትልሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ አሰናብቱት። ስኮፐስ የምርምር ጽሑፎችንና ሳይቴሽናቸውን የሚመዘግብ የመረጃ ቋት ነው፤ ፕሮፋይሉ ጽሑፍ ሲመዘገብ በራሱ የሚፈጠር ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ ስማችሁ የተጻፈባቸውን መልኮች ሁሉ መዝግቡ

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። የእኛ ሰው ሳይቴሽን የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ነው።

የዓለም የምርምር መዝገቦች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው ያለን። ስሙ አበበ፣ አባቱ ከበደ፣ አያቱ ተሰማ የሆነ ሰው እናስብ። አንዱ ጆርናል ተሰማን የቤተሰብ ስም አድርጎ የቀሩትን በመጀመሪያ ፊደላቸው ይመዘግባል። ሌላው አያቱን ትቶ ከበደን የቤተሰብ ስም ያደርጋል። ጽሑፉን የላከው ባልደረባ ሳጥኖቹን አገላብጦ ከሞላ ደግሞ አበበ ራሱ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይወጣል። በመዝገቡ ዓይን ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው።

የላቲን አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጸጋዬ አንዳንድ ቦታ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ አንዳንድ ቦታ በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል። እንደ ገብረማርያም እና ወልደሚካኤል ያሉ ጥምር ስሞች ሲነጣጠሉ «ማርያም» ወይም «ሚካኤል» ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ስም ካላችሁ ነጣጥላችሁም ፈልጉ።

የተቋሙን ስምም እንዲሁ አድርጉ። «ጎንደር» በላቲን ሲጻፍ ከ«ዲ» በኋላ አንዳንዱ «ኤ»፣ አንዳንዱ «ኢ» ያደርጋል። «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ» እና «ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ጎንደር» ተብሎም በሁለት ቅደም ተከተል ይገኛል። ሆስፒታሉ ብቻውን የተጠቀሰበት ጽሑፍ አለ። ነባር መምህራን ደግሞ «የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ» በሚለው በቀድሞው ስም የታተመ ሥራ ሊኖራቸው ይችላል።

እነዚህን ሁሉ በኤክሴሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደርድሩ። ከዚያ አንዱን አጻጻፍ ምረጡ። ከዛሬ ጀምሮ በምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ ያንን ብቻ ተጠቀሙ። ምርጫው ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ቢገጥም ይመረጣል፤ ለጉባኤ ስትሄዱ ቪዛ ላይ ጥያቄ አያስነሳም።

ደረጃ 2፦ ኦርኪድ ክፈቱ

ኦርኪድ ለተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ መለያ ነው፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የመጨረሻው አሃዝ አንዳንዴ «ኤክስ» የሚለው ፊደል ይሆናል፤ ስህተት አይደለም። ስም ቢለዋወጥም ቁጥሩ ስለማይለወጥ በደረጃ 1 ያየነውን ችግር ከሥሩ የሚፈታው ይህ ነው።

ስትመዘገቡ ሁለቱንም ኢሜይል አስገቡ። ምክንያቱም ሥራ ስትቀይሩ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋ ይችላል፣ አካውንቱ ግን የእናንተ ሆኖ መቀጠል አለበት። «ሌሎች መጠሪያዎች» በሚለው ቦታ ላይ ከደረጃ 1 ያገኛችኋቸውን አጻጻፎች ጨምሩ። የሥራዎችን ታይታ «ለሁሉም ሰው» አድርጉት። ካልሆነ ገጹን የሚከፍተው ገምጋሚ ባዶ ወረቀት ያያል።

ጽሑፎቹን በእጅ አትተይቡ። በዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ወይም በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ) ቁጥር አስገቡ፣ ወይም ዲኦአይ ከሚመዘግበው ከክሮስሬፍ ጋር አገናኙ። በእጅ ሲተየብ አርዕስት ይሳሳታል፣ አንድ ጽሑፍም ሁለት ጊዜ ይገባል። ኦርኪድ ሳይቴሽን እንደማይቆጥር ግን እወቁ። እሱ የሚነግረን የማን ሥራ እንደሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ዋናውን ዝርዝር በኤክሴል ሥሩ

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ረድፍ ይኑረው። ዓምዶቹ፦ አርዕስት፣ ጆርናል፣ ዓመት፣ ዲኦአይ፣ የፐብሜድ ቁጥር፣ የጸሐፊነት ተራ፣ የጽሑፉ ዓይነት፣ የጉግል ስኮላር (የጉግል የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያ) ሳይቴሽን፣ የስኮፐስ ሳይቴሽን።

መጀመሪያ ፐብሜድን ፈትሹ። የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበውን ስም ከመጀመሪያ ፊደላት ጋር ጻፉ፣ ከዚያ በተቋም አጥብቡት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፐብሜድ የሁሉንም ጸሐፊዎች ተቋም መመዝገብ የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የሚታየው የመጀመሪያው ጸሐፊ ተቋም ብቻ ነበር። ስለዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሌላ ተቋም ሰው ጋር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆናችሁ የጻፋችሁት ጽሑፍ «ጎንደር» ብላችሁ ስትፈልጉ አይመጣም። ለድሮዎቹ ዓመታት በስም ብቻ ፈልጉና አንድ በአንድ ለዩ።

ቀጥሎ ጉግል ስኮላርን በአርዕስት ፈትሹ። አገር ውስጥ የታተመ ጽሑፍ ፐብሜድና ስኮፐስ ውስጥ ባይኖርም እዚህ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የአፍሪካ ጆርናሎችን በአንድ ላይ የሚያወጣው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንም ይጠቅማል።

ስለ ዓመቱ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። ጆርናሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚያወጣው፣ የኛ ፎርም አንዳንዴ በዓመተ ምሕረት ይጠይቃል። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ የወጣ ከሆነ 8 ቀንሱ፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ከሆነ 7። በመጋቢት 2024 የታተመ 2016 ዓ.ም ይሆናል፣ በጥቅምት 2024 የታተመ ደግሞ 2017 ዓ.ም። ሁለት ዓምድ አበጁለት፤ ኮሚቴ ፊት ከመከራከር ያድናል።

ደረጃ 4፦ የጉግል ስኮላር ፕሮፋይል ክፈቱና አጽዱ

በግል የጂሜይል አካውንት ግቡ፣ ለማረጋገጫ ግን የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል ስጡ። በተቋም ኢሜይል ያልተረጋገጠ ፕሮፋይል በስም ሲፈለግ አይወጣም።

ጉግል «እነዚህ ያንተ ናቸው?» እያለ የጽሑፍ ክምር ያቀርብላችኋል። ሁሉንም «አዎ» አትበሉ። የእኛ ስሞች ተደጋጋሚ ናቸው። ከበደና ተሰማ የሚባል የአፈር ተመራማሪ የትም ይኖራል፤ የእሱ የጤፍ ጥናት የካንሰር ተመራማሪ ገጽ ላይ ሲገኝ ገምጋሚው ሌላውንም ይጠራጠራል። ከኤክሴሉ ጋር እያመሳከራችሁ ምረጡ።

ቅንብሩ ላይ ገብታችሁ «በራሱ ይጨምር» የሚለውን አጥፉና «በኢሜይል አሳውቀኝ፣ እኔ ላጽድቅ» የሚለውን ምረጡ። የሌላ ሰው ሥራ ሳታውቁት የሚገባው በአብዛኛው በዚህ በር ነው።

ከዚያ ድርብ የሆኑትን አዋህዱ። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ቢኤምሲ በሚባለው አሳታሚ ጆርናሎች ላይ ያወጣል። ያው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሪሰርች ስኩዌር በሚባል የረቂቆች ድረ ገጽ ላይ በረቂቅነት ወጥቶ ይሆናል። ሁለቱም ለየብቻ ሳይቴሽን ይዘው ይቀመጣሉ። ምልክት አድርጋችሁ «አዋህድ» በሉ፤ የታተመው ዋና ሆኖ ሳይቴሽናቸው ይደመራል። ካልተዋሃዱ ሥራችሁ በቁጥር ብዙ፣ በሳይቴሽን ደግሞ የተበታተነ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ስኮፐስን ፈትሹ

ዩኒቨርሲቲው ደንበኛ ባይሆንም በነጻው ገጽ ጸሐፊ በስም መፈለግ ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፋይል ሆናችሁ ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ የደረጃ 1 ውጤት ነው። ሁሉንም መርጣችሁ እንዲዋሃዱ ጥያቄ አቅርቡ። ማስተካከያው በዚያው ቀን ስለማይታይ ማመልከቻው እስኪደርስ አትጠብቁ። ከዚያ የስኮፐስ መለያችሁን ከኦርኪድ ጋር አገናኙት።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን አውጡ

ጉግል ስኮላር ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ ጠቅላላ ሳይቴሽን፣ ኤች ኢንዴክስ እና አይ10። ኤች ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው። በእጅ ማስላት ቀላል ነው፣ አንዴ ራሳችሁ አስሉት። ካሰላችሁት ለጠየቀ ሁሉ ማስረዳት ትችላላችሁ።

ዘጠኝ ጽሑፍ ያለው ሰው እናስብ። ሳይቴሽናቸውን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩ፦ 48፣ 31፣ 17፣ 12፣ 9፣ 6፣ 5፣ 2፣ 0። አሁን ከላይ ተራ ቁጥር እየሰጣችሁ ውረዱ። ስድስተኛው 6 ሳይቴሽን አለው፤ ተራውን ሞልቷል። ሰባተኛው 5 ብቻ ስላለው አልሞላም። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሱ 6 ነው። አይ10 ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ ጊዜ የተጠቀሱትን መቁጠር ነው፤ እዚህ 4 ናቸው። ጠቅላላው 130።

ጉግል ስኮላርና ስኮፐስ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም፤ ይህም ስህተት አይደለም። ጉግል የመመረቂያ ጽሑፍን፣ ረቂቅንና ሪፖርትን ሁሉ ይቆጥራል። ስኮፐስ መርጦ በሚያስገባቸው ጆርናሎችና ሕትመቶች ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። በአብዛኛው የጉግሉ ይበልጣል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ከየት እንደመጡ ለዩ፣ ቀኑን ጨምሩ። ቀን የሌለው የሳይቴሽን ቁጥር ሲጣራ አይገጥምም፤ የማይገጥም ቁጥር ደግሞ እንደ ውሸት ይታያል።

ደረጃ 7፦ የትልልቅ ጥምር ጥናቶችን ለዩ

ካንሰር ላይ ይህ ደረጃ ከሌላው ዘርፍ ይበልጥ ያስፈልጋል። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በመቶዎች በሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ስም ይታተማል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሰው አለበት። የካንሰር ስታቲስቲክስ የያዙ ጽሑፎች ደግሞ ሳይቴሽናቸው የትየለሌ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካንሰር ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ማለት ይቻላል መግቢያው ላይ «በዓለም ይህን ያህል ሰው በካንሰር ይያዛል» ይላል፣ ለዚያም ግሎቦካንን (የዓለም የካንሰር ስታቲስቲክስ ግምት) ወይም መሰሉን ይጠቅሳል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ያ ሰው ከዘጠኙ ሥራዎቹ በተጨማሪ 2100 ጊዜ የተጠቀሰ አንድ የጥምር ጽሑፍ ላይ ስሙ አለ እንበል። ጠቅላላ ሳይቴሽኑ ከ130 ወደ 2230 ይዘላል። ኤች ኢንዴክሱ ግን አሁንም 6 ነው፣ ምክንያቱም ሰባተኛ የሚሆነው ጽሑፍ 6 ሳይቴሽን ብቻ አለው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ሲበዙ ግን ኤች ኢንዴክሱም አብሮ ይወጣል።

በጥምር ጥናት መሳተፍ ነውር የለበትም፤ ሥራ ነው። ነገር ግን በኤክሴሉ ላይ «የጥምር ጥናት» ብላችሁ ምልክት አድርጉበትና ጠቅላላውን ሁለት ጊዜ ደምሩ፦ ከእነሱ ጋር፣ ያለ እነሱ። ልምድ ያለው ገምጋሚ ሁለት ሺህ ሳይቴሽንና ዘጠኝ አነስተኛ ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። እሱ ከሚያወጣው እናንተ ብትነግሩት ይሻላል።

የጸሐፊነት ተራችሁንም እዚሁ ሙሉ። በሕክምና ምርምር የመጀመሪያው ስም በአብዛኛው ዋናውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ ሥራውን የመራው ሰው ነው። ከተማሪያችሁ ጋር ባወጣችሁት ላይ መጨረሻ ከሆናችሁ «አማካሪ» ብላችሁ ጻፉት።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ከዘርፉ ጋር አነጻጽሩ

ባዶ ቁጥር ብዙ አይናገርም። 17 ሳይቴሽን ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በሞለኪውል ደረጃ ለሚሠራ ቤተ ሙከራ ግን ትንሽ ነው። ለዚህ አይሳይት የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነጻ መሣሪያ አለ። ከኤክሴሉ የፐብሜድ ቁጥሮቹን ገልብጣችሁ ለጥፉ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንጻራዊ የሳይቴሽን ውጤት ያወጣል። 1 ማለት በዘርፉ ተቋሙ በገንዘብ ከደገፋቸው ጽሑፎች መካከለኛው ጋር እኩል መጠቀስ ነው። ከ1 በላይ ያላቸውን ሁለት ሦስት ሥራዎች ምረጡ፤ ለማብራሪያው ይጠቅማሉ። ፐብሜድ ውስጥ የሌለ ጽሑፍ እዚህ አይሰላም።

ደረጃ 9፦ ማብራሪያውን ጻፉ

አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

«እስከ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም ድረስ 10 ጽሑፎችን አሳትሜያለሁ፤ በ4ቱ የመጀመሪያ ጸሐፊ ነኝ። በጉግል ስኮላር መሠረት 2230 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ አንድ የጥምር ጥናት ሲቀነስ 130። ኤች ኢንዴክሴ በሁለቱም ስሌት 6 ነው። ብዙ የተጠቀሰው የራሴ ሥራ ስለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የጻፍኩት ነው።»

ከተቻለ ሥራው የት እንደዋለ አንድ መስመር ጨምሩ። የሆስፒታሉ አሠራር ተቀይሮበት ከሆነ፣ ሥልጠና ላይ ከገባ፣ ጻፉት። ለግራንት ገምጋሚ ይህ መስመር ከአይ10 ይልቅ ይነግረዋል።

ማስጠንቀቂያዎች

የጆርናሉን ኢምፓክት ፋክተር የራሳችሁ ውጤት አድርጋችሁ አትጻፉ። ያ ቁጥር ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው የሚያሳየው። የእናንተ ጽሑፍ እዚያው ወጥቶ አንድም ጊዜ ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል።

ሳይቴሽን አትግዙ፣ «ጥቀሰኝ ልጥቀስህ» ውስጥም አትግቡ። የጠቀሷችሁ ሁሉ አምስት ተመሳሳይ ስሞች ከሆኑ ቁጥሩ ላይ ተጭኖ የሚያይ ሰው ያገኘዋል። የራስን ሥራ መጥቀስ በልኩ ያለ ነገር ነው፤ መጠኑን ግን እወቁት።

ፒያሳ ካፌ ወይም ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ከሠራችሁ ሳትወጡ አትነሱ። የሁሉም አካውንት ቁልፍ ኢሜይላችሁ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሕትመት የተሰረዘ ጽሑፍ እንዳለ ፈትሹ። በ2023 እ.ኤ.አ. ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ብቻ ከ8000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል። እዚያ ያሳተመ ሰው ፐብሜድ ላይ አርዕስቱን ከፍቶ የመሰረዝ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይይ። ካለ በግልጽ ጻፉት ወይም ከዝርዝሩ አውጡት፤ ዝም ብሎ መተው አያዋጣም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- «ተቀባይነት አግኝቷል» እና «ተልኳል» የሚባሉትን ከታተሙት ጋር መቁጠር። ለየብቻ ርዕስ ስጧቸው።
- የጉባኤ አጭር ማጠቃለያን እንደ ሙሉ ጽሑፍ ማስገባት።
- የስኮፐስን ኤች ኢንዴክስና የጉግልን ጠቅላላ ሳይቴሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅሎ መጻፍ።
- ፐብሜድ ውስጥ ያለ ሁሉ ሜድላይን ውስጥ አለ ብሎ ማሰብ። ፐብሜድ ሰፊ ነው፣ ሜድላይን የእሱ አንድ ክፍል ነው። ፎርሙ የትኛውን እንደጠየቀ አንብቡ።
- ስክሪን ሾት ብቻ ማያያዝ። ኮሚቴው ሊከፍተው የሚችል የኦርኪድና የስኮላር አድራሻ አብሮ ይሁን።
- ፕሮፋይሉን ለፎርም ጊዜ ብቻ ማስታወስ። በዓመት ሁለቴ፣ ለምሳሌ በመስከረምና በመጋቢት፣ ኤክሴሉን አድሱ። አዲስ ጽሑፍ ስትልኩም የኦርኪድ ሳጥኑን ሙሉ፤ ዝርዝሩ ራሱ ሊሞላላችሁ ይችላል። ጽሑፉን የሚልከው ባልደረባ ከሆነ የመረጣችሁትን የስም አጻጻፍና የኦርኪድ ቁጥራችሁን በቴሌግራም አስቀድማችሁ ላኩለት።